የምድር ኦርኪድ ከእንጦጦ መስክ እስከ የካ አባዶ በረንዳ

አደይ አበባ በመስከረም ተቀጥፋ ከለምለም ሣር ጋር ወደ ቤት የምትገባበት የእንቁጣጣሽ ልማድ የደጋው ሰው ከመስክ አበባ ጋር ያለውን የቆየ ግንኙነት ያሳያል፤ አበባው ለበዓሉ ይመጣል፣ ሥሩ ግን በሜዳው ይቀራል። በሸዋ ደጋ ሣር ውስጥ በክረምቱ ዝናብ ከሚያብቡት መካከል የምድር ኦርኪዶች ይገኙበታል፤ እነዚህም ዛፍ ላይ ተጣብቀው ከሚኖሩት ዘመዶቻቸው በተለየ ሥራቸውን አፈር ውስጥ የሚሰዱ ናቸው። ብዙዎቹ አረንጓዴ ወይም ነጣ ያሉ በመሆናቸው ከሣሩ ለይቶ የሚያያቸው ጥቂት ነው፤ ከበዓሉ እቅፍ ውጭ የቀሩትም በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ሆኖም ሳቲሪየም የተባለው ወገን ቀረብ ተብሎ ሲታይ አበባው ቆብ የደፋ ይመስላል፣ ከቆቡም ጀርባ ወለላ የሚጠራቀምባቸው ሁለት ቀጫጭን ጅራቶች ይወርዳሉ።

ከየካ በላይ ያሉት የእንጦጦ ተራሮች ታሪክ ለእንዲህ ያለው አበባ የተመቸ አልነበረም። ምኒልክ ከተማቸውን በተራራው ላይ መሥርተው በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍል ውሃው ሜዳ ከወረዱ በኋላ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እየተመናመነ ስለሄደ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በስፋት ተተከለ። ዛፉ አዲስ አበባን ከመፍለስ እንዳዳናት መካድ አይቻልም፤ ነገር ግን የሜዳ ኦርኪድ የሚፈልገውን ብርሃንና እርጥበት የሚሻማ በመሆኑ ከሥሩ የነበረው መስክ የከፈለው ዋጋ ቀላል አይደለም።

ከደጋው ኦርኪዶች አንዳንዶቹ በሳይንስ መዝገብ የሰፈሩት የእንጦጦ ከተማ ከመቆርቆሩ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ የገባውና በ1878 ዓድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ እዚሁ የኖረው ጀርመናዊው ሺምፐር ከሰሜን ደጋዎች የሰበሰባቸውን የደረቁ ዕፅዋት ወደ አውሮፓ ይልክ ስለነበር ሳቲሪየም ሺምፐሪና ሀቤናሪያ ሺምፐሪያና ዛሬም በስሙ ይጠራሉ። ደርቆ የተላከ ተክል ግን ስም ያስገኛል እንጂ አይበቅልም። የኢትዮጵያን ኦርኪዶች ለአገሬው አንባቢ ያቀረበው የመስክ መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን፣ ከአዘጋጆቹ አንዱ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው።

ኦርኪድን ከዘር ማብቀል ለረጅም ዘመን ያስቸገረው ዘሩ እንደ ዱቄት የደቀቀና ስንቅ የሌለው በመሆኑ ነው። ፈረንሳዊው ኖኤል በርናር እ.ኤ.አ. በ1899 ዘሩ የሚበቅለው አፈር ውስጥ ያለ ሻጋታ መሰል ፈንገስ ሲመግበው መሆኑን ደረሰበት፤ አሜሪካዊው ሉዊስ ናድሰንም በ1922 ስኳር ባለበት ማብቀያ ያለ ሻጋታው ማብቀል እንደሚቻል አሳየ። ከሜዳ ተነቅሎ በማሰሮ የተተከለ ኦርኪድ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ከሻጋታው ጋር ያለው ትስስር ስለሚቋረጥ ነው፤ ስለዚህ ከተራራው መንቀል አበባውንም ሜዳውንም ማጣት ነው። የኦርኪድ ዓለም አቀፍ ንግድም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 በገባችበት የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው።

በሕጋዊ መንገድ ከዘር የበቀለ ተክል ያገኘ የአዲስ አበባው የካ አባዶ ሰፈር ነዋሪን ግን ወቅቱ ራሱ ያግዘዋል። የብዙዎቹ የምድር ኦርኪዶች ሥር እንደ ትንሽ ድንች የተድቦለቦለ ሲሆን፣ ተክሉ ሲያብብ አሮጌው ድብልብል እየተጨማደደ ከጎኑ ለሚቀጥለው ዓመት የሚሆን ወፍራምና ነጣ ያለ አዲስ ድብልብል ያበጃል። ቅጠሉ በጥቅምትና በኅዳር ሲደርቅ ተክሉ የሞተ ይመስላል፤ በዚህ ጊዜ አዝኖ ውሃ ማብዛት ሥሩን ያበሰብሰዋል። ውሃ የማይቋጥር አፈር ያለበት ማሰሮ በጥላ ሥር፣ ሳይነካ በጋውን ያሳልፋል፤ ውሃ የሚጨመርለትም የክረምቱ ዝናብ በበረንዳው ጣሪያ ላይ መንጠባጠብ ሲጀምር ነው።