ከእጅ ወደ ግንባር

እኛ ሀገር የእጅ መብራቱን «ባትሪ» እንለዋለን። እውነተኛውን ባትሪ ደግሞ «ድንጋይ» እንለዋለን። «ባትሪው ድንጋይ ጨርሷል» የሚለውን እስቲ ለአንድ ፈረንጅ አስረዱ! ስያሜው ግን ከምናስበው በላይ ለታሪኩ ይቀርባል። ሰው መብራትን ከእጁ አውርዶ ግንባሩ ላይ ለመስቀል ሲታገል ለረጅም ጊዜ ያገለገለው መፍትሔ የምር ድንጋይ ነበር። እንደርስበታለን።

ዛሬ የግንባር ባትሪ የሚገዛው ተራራ ወጪ ብቻ አይደለም። መኪና ሥር የተኛው መካኒክም፣ መብራት ሲጠፋ ሽንኩርት የምትከትፈውም ይፈልጉታል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሰው ያለው ሁለት እጅ ብቻ ነው። ሦስተኛው እጅ ባልነበረበት ዘመን ስልክ በጥርስ ተነክሷል፤ ወይም ልጅ ተጠርቶ «ባትሪ ያዝልኝ» ተብሏል። (ባትሪ ያዥ የነበራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ መብራቱ ሁልጊዜ የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው፣ ቁጣው ደግሞ በትክክል እናንተ ላይ ያርፋል።)

ሦስተኛውን እጅ መጀመሪያ አጥብቆ የፈለገው ማዕድን ቆፋሪው ነበር። በአንድ እጁ ዶማ፣ በሌላው አካፋ ይዞ ሻማውን የት ያድርገው? ችግሩ ግን የእጅ ብቻ አልነበረም። ከድንጋይ ከሰል ጋር ሚቴን ጋዝ ይወጣል፤ ሚቴንና ሻማ ሲገናኙ ደግሞ የሚሆነው ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በሜይ 25 ቀን 1812 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን እንግሊዝ፣ ፌሊንግ በሚባል ቦታ የከሰል ጉድጓድ ፈንድቶ 92 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ።

ይህ አደጋ ብዙ ሰው አስደነገጠ፤ ሳይንቲስቱ ሃምፍሪ ዴቪም ለችግሩ መላ እንዲፈልግ ተጠየቀ። በ1815 ያቀረበው መላ ለማመን የሚከብድ ቀላል ነው፤ እሳቱን በቀጭን የሽቦ ወንፊት መክበብ። ወንፊቱ ሙቀቱን ስለሚበትነው ነበልባሉ አልፎ የውጪውን ጋዝ ማቀጣጠል አይችልም። በዚያው ዓመት በኪሊንግዎርዝ ማዕድን ይሠራ የነበረው ጆርጅ ስቲቨንሰን፣ በኋላ በባቡር የምናውቀው ሰውዬ፣ በራሱ መንገድ ሌላ መብራት ሠራ። ስቲቨንሰን ማንበብ የተማረው በ18 ዓመቱ ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ብቻውን እዚህ ይደርሳል ብሎ ለማመን የለንደን ምሁራን ተናነቃቸው። ዴቪ 2,000 ፓውንድ ተሸለመ፤ የስቲቨንሰን ወገኖች ተናደው ኒውካስል ላይ ለእሱ 1,000 ፓውንድ አዋጡ። በእኔ እምነት ከሁለቱ የሚደንቀው ስቲቨንሰን ነው፤ መብራቱን የሞከረው ጋዝ ወደሚተፋው ስንጥቅ ራሱ ይዞት ገብቶ ነውና። ዴቪም ቢሆን ሊመሰገን ይገባዋል፤ ፈጠራውን በፓተንት አስመዝግቦ መክበር ሲችል እምቢ ብሏል።

ታዲያ ሞቱ ቀነሰ? አልቀነሰም። «አሁን እኮ መብራት አለ» ተብሎ በጋዝ ምክንያት የተዘጉ ጉድጓዶች ተከፈቱ፤ ሠራተኛው ከበፊቱ ወደባሰ ቦታ ወረደ። ወንፊቱም በጊዜ ብዛት ይዝጋል፣ ይበሳል። ደግሞ ብርሃኑ ከሻማ ያነሰ ስለነበር ሠራተኛው በደንብ ለማየት ሲል ወንፊቱን ይከፍተዋል። ክፍያው በቆፈረው ከሰል ልክ ለሆነ ሰው ማየት ማለት ደመወዝ ነው። በኋላ መብራቶቹ በቁልፍ እንዲዘጉ ተደረገ። በድንግዝግዝ ዓመታት ሲሠራ የኖረውን ደግሞ ዓይኑ ያለማቋረጥ እንዲዋልል የሚያደርግ በሽታ ያዘው፤ ብዙ ሐኪሞች ምክንያቱ የብርሃን ማነስ ነው አሉ።

ወደ ግንባር እንሂድ። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ የስኮትላንድ ማዕድን ቆፋሪዎች የሻይ ጀበና የምትመስል ትንሽ የዘይት መብራት በኮፍያቸው ላይ መስቀል ጀመሩ። እጅ ነፃ ወጣ፤ ጭሱ ግን ፊት ላይ ነው። በ1900 ኒውዮርክ ውስጥ ፍሬደሪክ ባልድዊን የተባለ ሰው የካርባይድ መብራት አስመዘገበ። ያልኳችሁ ድንጋይ ይሄ ነው። ካርባይድ ግራጫ ድንጋይ ነው፤ ውሃ ጠብ ሲልበት አሲቲሊን ጋዝ ይወጣዋል፤ ብየዳ ቤት አካባቢ ያደገ ሽታውን ያውቀዋል። መብራቷ ላይኛው ክፍሏ ውሃ፣ ታችኛው ድንጋይ ነው። ብርሃኗ ነጭና ሰፊ ስለነበር ማዕድን ቆፋሪው ወደዳት። የዋሻ አሳሾችማ ኤሌክትሪክ ከመጣ ከብዙ ዓመታት በኋላም አልለቀቋትም፤ በቀዝቃዛ ዋሻ እጅ ታሞቃለችና።

ይሁንና አሁንም እሳት ናት። በ1912 በአሜሪካ፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ጄድ የሚባል ማዕድን ፈንድቶ ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚህ በኋላ ጆን ራያን እና ጆርጅ ዳይክ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች ቶማስ ኤዲሰን ዘንድ ሄዱ። በ1914 እሳት የሌለበት፣ በባትሪ የሚሠራ የቆብ መብራት ወጣ። አምፖሉ ግንባር ላይ፣ ከባዱ ባትሪ ወገብ ላይ፣ በመሐል ገመድ። ሠራተኛው ሲወጣ ያስረክበዋል፣ ሲሞላ አድሮ ጠዋት ይረከበዋል።

የቀረው ክብደቱን ማቃለል ነበር፤ እሱም ወደ 80 ዓመት ገደማ ፈጀ። ሹጂ ናካሙራ በ1993 ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ ይፋ አደረገ፤ ከዚያ ነጩ ተከተለ (ለሰማያዊው በ2014 ከሁለት ጃፓናውያን ጋር ኖቤል ተሸልሟል)። ኤልኢዲ ጥቂት ኃይል ስለሚበቃው የወገቡ ባትሪ ቀረ። በ2000 የፈረንሳዩ ፔትዝል ሦስት ቀጫጭን ድንጋይ የምትጎርስ «ቲካ» የምትባል መብራት አወጣ። የድርጅቱ መሥራች ፈርናንድ ፔትዝል ራሱ የዋሻ አሳሽ ነበር። ዛሬ ሱቅ የምታዩዋቸው አብዛኞቹ የቲካ የልጅ ልጆች ናቸው።

እንግዲህ ስትገዙ ካርቶኑ ላይ በተጻፈው የሉመን ብዛት አትደንግጡ። መብራት ሲጠፋ ለመከተፍ 30 ሉመን ይተርፋል፤ ለሌሊት መንገድ 200 ይበቃል። በ2009 የወጣው «አንሲ ኤፍኤል 1» የሚባለው መለኪያ እንኳ ድምቀቱን የሚለካው መብራቱ በበራ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ «ይህን ያህል ሰዓት ይሠራል» የሚለው ደግሞ ድምቀቱ ወደ አሥር በመቶ እስኪወርድ ያለውን ጊዜ ነው። መጨረሻ ላይ ምን ያህል እንደሚያሳያችሁ አስቡት። ክብደቱ ከነድንጋዩ ከ100 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከዚያ ካለፈ ስትራመዱ ግንባራችሁ ላይ ይዘላል። ጭንቅላቱ ወደታች የሚታጠፍ ይሁን፤ አለበለዚያ የምታወሩትን ሰው ታሳውራላችሁ። ማብሪያው የሚቆለፍ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ በርቶ አድሮ አልቆ የተገኘ ባትሪ ስንት ነው!

ስሜን ለቀናት የምትወጡ ከሆነ በዩኤስቢም በተራ ድንጋይም የሚሠራውን ፈልጉ፤ ቀጫጭኑ ድንጋይ ከመነሳታችሁ በፊት ከየሱቁ ይገኛል። ጨነቅ ወደ 3,600 ሜትር ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ብርድ ደግሞ የባትሪን አቅም ይበላል። ስለዚህ ባትሪውን ይዛችሁት ተኙ። ቀይ መብራት ካለው ድንኳን ውስጥ በእሱ ተጠቀሙ፤ ነጩን ካበራችሁ ዓይናችሁ ጨለማውን መልሶ እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ኮከቡንም ያን ያህል ጊዜ አታዩትም።