የእያንዳንዱ ማስተዋልና የሁሉም ስሕተት

ዘመናችን የዕውቀት ዘመን ይባላል። ይህም ስም ያለ ምክንያት አልተሰጠውም። የሰው ልጅ ፈንጣጣን በክትባት፥ ጨለማን በኤሌክትሪክ፥ ርቀትን በአውሮፕላን ድል ነሥቷል። መንግሥታት ሕዝባቸውን ይቈጥራሉ፤ ገቢና ወጪያቸውን በበጀት ይወስናሉ። ነጋዴው ትርፉንና ኪሳራውን በመዝገብ ይመዝናል፤ ሐኪሙም መድኃኒቱን ሳይፈትን አይሰጥም። ይህን ሁሉ የተመለከተ ሰው፥ የአሁኑ ዘመን ኅብረተ ሰብ በጠቅላላው በአእምሮ የሚመራ ነው ብሎ ቢናገር አይፈረድበትም።

ነገር ግን ጥያቄው እንዲህ በቀላሉ የሚዘጋ አይደለም። ሰዎች አንድ በአንድ ሲመዘኑ አስተዋዮች ሆነው ሳሉ፥ ሁሉም በአንድነት የሠሩት ሥራ አንዳቸውም ያልፈለጉት ጥፋት ሊሆን ይችላልን? ይህን ለመመርመር የምንጠራው ምስክር እ.ኤ.አ. በ1929 ተጀምሮ ዓለምን ያናወጠውን ታላቁን የኤኮኖሚ ድቀት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፥ የኢትዮጵያ ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

አስቀድሞ «በአእምሮ መመራት» ማለት ምን እንደ ሆነ እንወስን። አንድ ሰው የሚፈልገውን ዐውቆ፥ ወደዚያ የሚያደርሰውን መንገድ መርጦ፥ መንገዱ የተሳሳተ መሆኑን በተረዳ ጊዜ የሚመለስ ከሆነ በአእምሮ ይመራል እንላለን። ርቦት ሳለ እህሉን የሚያቃጥል ሰው ብናይ ግን አእምሮውን ስቷል እንላለን። ይህን ምሳሌ አንባቢ በልቡ ያቈየው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

በ1776 የስኮትላንዱ ፈላስፋ አዳም ስሚዝ ስለ መንግሥታት ሀብት በጻፈው መጽሐፍ፥ ሥጋ ሻጩና ዳቦ ጋጋሪው እኛን የሚመግቡን አዝነውልን ሳይሆን የራሳቸውን ጥቅም ፈልገው እንደ ሆነ አስረዳ። «ለራስ ሲቈርሱ አያሳንሱ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ራስ ወዳድነትን ይታዘባል። ስሚዝ ደግሞ ለራሱ የሚቈርሰው ሰው ሳያስበው ለጎረቤቱ እንደሚተርፍ አሳየ። ይህ በብዙ ነገር እውነት ነው። የአንድ ታላቅ ከተማ ሕዝብ በየማለዳው ዳቦ የሚያገኘው ሹም አዝዞለት አይደለም። ስሕተት የመጣው፥ በብዙ ነገር እውነት የሆነው ትምህርት በነገር ሁሉ እውነት ነው ብለው ከስሚዝ በኋላ የተነሡ ሰዎች ባመኑ ጊዜ ነው። ስሚዝ ራሱ ግን ባንኮች ያለ ሕግ እንዲለቀቁ የፈቀደ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ምስክራችን እንምጣ። በሴፕቴምበር 3 ቀን 1929 በኒውዮርክ ገበያ የታላላቅ ኩባንያዎችን አክሲዮን ዋጋ የሚለካው የዳው ጆንስ ቍጥር 381 ደረሰ። ከአሜሪካ የኤኮኖሚ ሊቃውንት መካከል ስሙ የገነነው ኢርቪንግ ፊሸር፥ ዋጋው ከፍ ባለ ስፍራ ላይ ለዘለቄታው የረጋ እንደሚመስለው በኦክቶበር ወር ተናገረ። ጥቂት ቀናት ሳይቈይ፥ በኦክቶበር 29 ቀን ብቻ 16 ሚሊዮን ያህል አክሲዮኖች ለሽያጭ ፈሰሱ። በጁላይ 8 ቀን 1932 ያው ቍጥር 41 ሆነ። ፊሸርም ሀብቱን አጣ።

የአክሲዮን ገበያ መውደቅ ብቻውን ዓለምን ለረሀብ ባልዳረገ ነበር። ጥፋቱ የሰፋው በባንክ በኩል ነው። ባንክ የተቀበለውን ገንዘብ ሁሉ በሣጥን ቈልፎ አያስቀምጥም፤ ለነጋዴው፥ ለገበሬውና ለቤት ሠሪው ያበድረዋል፥ ለዕለት የሚበቃውን ብቻ በእጁ ያኖራል። የእኛ ዕቁብ በአባላቱ መተማመን እንደሚጸና፥ ባንክም አስቀማጮች ሁሉ በአንድ ቀን አይመጡብኝም በሚል እምነት ይጸናል። በዲሴምበር 10 ቀን 1930 «የዩናይትድ ስቴትስ ባንክ» በሚባል፥ ስሙ የመንግሥት ቢመስልም የግል በሆነ ባንክ ላይ በኒውዮርክ ወሬ ተነሣ። በብሮንክስ ቅርንጫፉ ደጃፍ ሕዝብ ተሰለፈ። በማግሥቱ ባንኩ ተዘጋ፤ 400,000 ያህል አስቀማጮችም ደጅ ቀሩ።

በዚያ ሰልፍ የቆመውን ሰው ሞኝ ልንለው እንችላለንን? ባንኩ ጤነኛ ነው ብሎ የሚያምን ሰው እንኳ፥ ሌላው ሰው ይፈራል ብሎ ከጠረጠረ ቀድሞ መድረስ ይሻለዋል፤ የቀደመ ገንዘቡን ያገኛል፥ የዘገየ ያጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ የልጆቹን እንጀራ ለማዳን ሲሮጥ፥ ሩጫው ራሱ ባንኩን ገደለው። ሮበርት ሜርተን የተባለ አሜሪካዊ የኅብረተ ሰብ ተመራማሪ በ1948 ይህን ነገር ሲያስረዳ፥ ሐሰት የነበረ ወሬ ሰዎች ስላመኑት ብቻ እውነት እንደሚሆን አሳየ። ከ1930 እስከ 1933 ድረስ በአሜሪካ 9,000 ያህል ባንኮች ወደቁ።

በገበሬውም ላይ የደረሰው እንዲሁ ነው። በ1929 አንድ ዶላር ያህል ያወጣ የነበረው አንድ ቡሼል ስንዴ በ1932 ከ40 ሳንቲም በታች ወረደ፤ የገበሬው ዕዳ ግን አልወረደም። ዕዳውን ለመክፈል የነበረው አማራጭ አብዝቶ መዝራት ነበር። ሁሉም አብዝቶ በዘራ ጊዜ ዋጋው ይብሱን ወደቀ። በ1933 የአሜሪካ መንግሥት ዋጋ ለማንሣት ሲል ለገበሬዎች ገንዘብ እየከፈለ 4 ሚሊዮን ሄክታር ያህል የበቀለ ጥጥ አሳረሰ፤ 6 ሚሊዮን ያህል አሳማዎችንም ገዝቶ አሳረደ። ብራዚል ደግሞ ከ1931 እስከ 1944 ድረስ እያንዳንዱ 60 ኪሎ የሚመዝን 78 ሚሊዮን ከረጢት ቡና አጠፋች፤ አብዛኛው በእሳት ተቃጠለ። በዚያው ዘመን በታላላቅ ከተሞች ሥራ ፈቶች የምጽዋት ሾርባ ለመቀበል ይሰለፉ ነበር። ከላይ በምሳሌ ያነሣነው፥ ርቦት ሳለ እህሉን የሚያቃጥለው ሰው እነሆ ተገኘ። ነገር ግን አንድ ሰው አልነበረም፤ ዓለም በሞላው ነበር።

ሀብቱን ያጣው ፊሸር በ1933 ስሕተቱን በምርምር ካሰ። ባለዕዳዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ዕዳቸውን ለመክፈል ንብረታቸውን ሲሸጡ ዋጋ ይወድቃል፤ ዋጋ ሲወድቅ የቀረው ዕዳ ይከብዳል፤ ስለዚህ አብዝተው በከፈሉ መጠን አብዝተው ባለዕዳ ይሆናሉ ሲል አስረዳ። እንግሊዛዊው ጆን ሜናርድ ኬንስም በጃንዋሪ 1931 በራዲዮ ባደረገው ንግግር፥ ለአንዱ ቤተ ሰብ በጎ የሆነው ቍጠባ በድቀት ጊዜ ሁሉም ከያዘው የሌላውን ሥራ እንደሚያሳጣ ለአገሩ ሕዝብ ነገረ። እኔ የማላወጣው ሽልንግ ለሌላው ሰው ገቢው ነውና።

መንግሥታትም ከግለሰቦች የተሻሉ ሆነው አልተገኙም። በጁን 17 ቀን 1930 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሁቨር በውጭ ዕቃ ላይ ቀረጥ የሚያከብደውን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ እንዳይጸድቅ 1,028 የኤኮኖሚ ሊቃውንት ስማቸውን ፈርመው ለምነው ነበር። እንግዲህ የጐደለው ዕውቀት አልነበረም። ካናዳና ሌሎችም አገሮች ቀረጥ በቀረጥ መለሱ፤ በ1933 የዓለም ንግድ በዋጋ ሲታይ ወደ ሲሶው ወርዶ ተገኘ። በዚያው ዓመት 66 መንግሥታት መላ ለመፈለግ በለንደን ጉባኤ ተቀመጡ፤ ተስማምተው ሳይነሡም ተበተኑ። እያንዳንዱ መልእክተኛ የአገሩን ጥቅም በትጋት ጠብቆ ወደ አገሩ ተመለሰ።

የዚህ ሁሉ ዋጋ በገንዘብ ብቻ አልተከፈለም። በ1932 መጀመሪያ በጀርመን 6 ሚሊዮን ያህል ሥራ ፈቶች ነበሩ። በ1928 በምክር ቤት 12 መቀመጫ ብቻ የነበረው የሂትለር ፓርቲ በጁላይ 1932 ምርጫ 230 መቀመጫ አገኘ። በጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ሂትለር የመንግሥቱን መሪነት ያዘ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያንም ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ጣልያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር ድንበራችንን ጥሳ በገባች ጊዜ፥ የመንግሥታት ማኅበር አባሎች አንዱ የተጠቃ እንደ ሆነ ሁሉም ሊረዱት ቃል ገብተው ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ መንግሥት የየራሱን ሒሳብ ያዘ። ፈረንሳይ ጣልያንን በጀርመን ላይ ወዳጅ ልታደርጋት ታስብ ነበር፤ እንግሊዝ ከጣልያን ጋር በሜዲቴራኒያን ባሕር መዋጋትን አልፈለገችም፤ ሌሎቹም ንግዳቸውን አሰቡ። ስለዚህ ማኅበሩ ባደረገው የንግድ ቅጣት ውስጥ ነዳጅ ሳይገባ ቀረ፤ የስዊዝ ቦይም ለጣልያን መርከቦች ክፍት ሆኖ ቈየ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በዤኔቭ ቆመው፥ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን የትንንሽ መንግሥታት ሁሉ ደኅንነት መሆኑን አሳሰቡ። ማኅበሩ ግን በሚቀጥለው ወር ቅጣቱን አነሣ። ያ ሁሉ ጥንቃቄ ለባለቤቶቹም አልጠቀመም። በጁን 10 ቀን 1940 ጣልያን በእነዚያው በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ዐወጀች። እያንዳንዱ ለራሱ አተርፋለሁ ብሎ የቈረሰው ቍራሽ የሁሉንም እንጀራ ጨረሰ።

ታዲያ ኅብረተ ሰብ ዕብድ ነው ብለን እንደምድምን? እንዲህ ማለትም ስሕተት ነው። ዕብደት የሚባለው ራስ ላለው ነው፤ ኅብረተ ሰብ ግን ሥርዓት ካልተሠራለት በቀር የሚያስብበት ራስ የለውም። ለዚህም ማስረጃው ከዚያው ከድቀቱ ታሪክ ይገኛል። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በማርች 4 ቀን 1933 ሥልጣን በያዙ በሁለተኛው ቀን የአገሪቱ ባንኮች ሁሉ ለጥቂት ቀናት እንዲዘጉ ዐወጁ። በማርች 12 ቀን በራዲዮ የባንክን አሠራር ለሕዝቡ በቀላል ቋንቋ አስረድተው፥ ተመርምረው የሚከፈቱት ባንኮች የሚታመኑ መሆናቸውን ተናገሩ። በማግሥቱ ባንኮች መከፈት ሲጀምሩ እንደ ገና ሰልፍ ታየ፤ ይህኛው ሰልፍ ግን ገንዘብ መልሶ ለማስቀመጥ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ደግሞ፥ ባንክ ቢወድቅ እንኳ የአስቀማጩ ገንዘብ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1934 ጀምሮ እስከ 2,500 ዶላር ድረስ ዋስትና እንዲኖረው አደረገ። በ1933 በአሜሪካ 4,000 ያህል ባንኮች ተዘግተው ሳለ፥ በ1934 ዋስትና ካላቸው ባንኮች የወደቁት 9 ብቻ ናቸው።

በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል አሜሪካውያን በባሕርያቸው አስተዋዮች አልሆኑም፤ ያው ፈሪ፥ ያው ለልጆቹ የሚያስብ ሕዝብ ነበር። የተለወጠው ሥርዓቱ ነው። ቀድሞ የሚያስተውለውን ሰው ወደ ሰልፍ ያስሮጠው ጭንቀት፥ ዋስትና በተገኘ ጊዜ ያው አስተዋይ በቤቱ እንዲቀመጥ ፈቀደለት።

ይህም ትምህርት አንድ ጊዜ ተገኝቶ ለዘለዓለም የሚኖር አይደለም። በሴፕቴምበር 2007 በእንግሊዝ አገር ኖርዘርን ሮክ በሚባለው ባንክ ደጃፍ ሕዝብ ተሰልፎ ታየ። በማርች 9 ቀን 2023 ሲሊከን ቫሊ ከሚባለው የአሜሪካ ባንክ አስቀማጮች በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር አወጡ። ብዙዎቹ ሰልፍ መቆም እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ ገንዘባቸውን በኮምፒዩተርና በስልክ አዘዋወሩ። የዋስትናው ወሰን 250,000 ዶላር ሲሆን፥ የዚያ ባንክ አብዛኛው ተቀማጭ ከወሰኑ በላይ ነበርና፥ ዋስትናው ባልደረሰበት ስፍራ የ1930 ፍርሃት ተመልሶ መጣ። መሣሪያው ሠልጥኗል፤ ሩጫውንም አፈጠነው።

እንግዲህ የተነሣንበትን ጥያቄ እንመልስ። ዘመናዊው ኅብረተ ሰብ በዕውቀቱ ብዛት ብቻ በአእምሮ አይመራም። የእያንዳንዱ ማስተዋል ሲደመር የሁሉም ማስተዋል አይሆንም፤ በመካከሉ የሚያገናኘው ሕግ፥ ቃል ኪዳንና መተማመን ያስፈልጋል። እነዚህም እንደ ድልድይ ናቸው፤ ሠሪና ጠባቂ ይሻሉ፥ ካልታደሱም ይፈርሳሉ።

ይህን የሚጽፈው ሰው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። አንድ ባለጉዳይ ያቀረበው ማመልከቻ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዘዋወር ወራት ያለፉበትን ጊዜ ያስታውሳል። ፋይሉን ገልጦ በመረመረ ጊዜ አንድም ሰነፍ አላገኘም፤ እያንዳንዱ ጸሐፊ ድርሻውን በደንቡ መሠረት ፈጽሞ፥ ቀን ጽፎ፥ ፈርሞ፥ ለሚቀጥለው አስተላልፏል። ከጸሐፊዎቹም አንዱ ይህ ጸሐፊ ራሱ ነበር። ሥራው ሁሉ ተሠርቶ ሳለ ባለጉዳዩ ግን ደጅ ቆሞ ነበር።

ስለዚህ ሹሙም፥ መምህሩም፥ ተማሪውም «ድርሻዬን ፈጽሜአለሁን?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጨምር፤ «ሁሉም እንደ እኔ ቢያደርግ መጨረሻው ምን ይሆናል?» ይበል። በ1930 ሕጉን የፈረሙት፥ በ1933 በለንደን ጉባኤ የተቀመጡት፥ በ1936 በዤኔቭ እጃቸውን ያወጡት ሰዎች የመጀመሪያውን ጥያቄ በሚገባ መልሰዋል። ሁለተኛውን ባለመጠየቃቸው ግን ዕዳውን የከፈሉት ሌሎች ናቸው፤ ከከፋዮቹም መካከል አባቶቻችን ነበሩ።