የቤተሰብ ሳቅ የተቀረጸባቸው ካሴቶች

ሩዋንዳ ሰፈር ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም አይርቅም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከውጭ ወደ ሰፈሩ የሚመጣ ዘመድ ከልብሱና ከሽቶው ጋር የቪዲዮ ካሜራና ባዶ ካሴት ይዞ ብቅ ይል ነበር። ያኔ የተቀረጸው የቤተሰብ ሳቅ ዛሬ በየቁም ሳጥኑ አቧራ ለብሷል። የከተማችን ታሪክ አካል ነውና ሊጠፋ አይገባም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ተመረቀ፤ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር ባለቀለም ሆነ። ተራው ቤተሰብ ግን በስክሪን ራሱን ያየው ካሜራና የቪዲዮ ማጫወቻ (ዴክ) ቤቱ ሲገቡ ነው።

ሶኒ በእጅ የሚያዘውን የቪዲዮ ካሜራ ሃንዲካምን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1985 ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንድ የጃፓን ቴሌቪዥን ፕሮግራም ተመልካቾች የላኩትን አስቂኝ ቪዲዮ ማሳየት ጀመረ። ሐሳቡን የወሰደው የአሜሪካው ኤቢሲ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ከ1989 መጨረሻ ጀምሮ በቦብ ሳጌት አቅራቢነት የየቤቱን መውደቅና መንሸራተት፣ የውሻና የድመት ጉድ አሳየ።

እኛ ዘንድ ግን ተመልካቹ ቤተዘመዱ ነበር። የበዓል ዋዜማ ነው እንበል። በጉ ከገመዱ አምልጦ ግቢውን ይዞራል፤ አባወራው በነጠላ ጫማ ይከተለዋል፤ ውሻው በጉን ትቶ ባለቤቱን ያሯሩጣል። ቀራጩ ሳቁ ስላሸነፈው ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ከበረንዳው አያት «ኧረ በሩን ዝጉት!» ሲሉ ይሰማል። ፎቶ ቤት ሄደው ኮስተር ብለው የተነሱት ምስል ያንን ድምፅ፣ ያንን አረማመድ፣ ያንን ግቢ አያስቀርልንም።

ካሴቱ ባሕር ሲሻገር ሌላ ችግር ነበረበት። ኢትዮጵያ ትጠቀምበት የነበረው ፓል የተባለ የቴሌቪዥን ሥርዓት በሰከንድ 25 ምስል በ625 መስመር ያሳያል፤ የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ 30 ገደማ ምስል በ525 መስመር። ስለዚህ ከዋሽንግተን የተላከ ካሴት በተራ ዴክ በቅጡ አይታይም ነበር፤ መልቲ ሲስተም ዴክ ያለው ሰው መፈለግ ግድ ነበር።

አሁን የሚያሰጋው ጊዜ ነው። ምስሉ ያለው በስስ ፕላስቲክ ላይ በተቀባ መግነጢሳዊ ብናኝ ላይ ነው፤ እርጥበት ያሻግተዋል፣ ዕድሜ ያደበዝዘዋል። ማጫወቻውንም ማግኘት እየከበደ ነው፤ የመጨረሻው ዋና አምራች ፉናይ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረቱን አቁሟል። ካሴት ያላችሁ ሻጋታ እንደሌለበት አይታችሁ ወደ ዲጂታል አስገልብጡት፤ ቅጂውንም ለዘመድ አካፍሉ። ከሁሉ በፊት ግን አረጋውያኑ በሕይወት ሳሉ አብራችሁ እዩትና ማን ማን እንደሆነ፣ መቼና የት እንደተቀረጸ ጻፉበት። ስም የሌለው ምስል ለልጅ ልጅ የማያውቀው ሰው ሳቅ ብቻ ሆኖ ይቀራል።