«ጀሪካን»፦ የአንድ ዕቃ ስም ታሪክና የትርጉም ጣጣው

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ከጫሞ ሐይቅ ማዶ ወደ ኮንሶ በሞተር ብስክሌት የሚጓዝ ሰው መጠባበቂያ ቤንዚን የሚይዝበትን ዕቃ «ጀሪካን» እንለዋለን። ዕቃው በ1937 (እ.ኤ.አ.) በጀርመን አገር ለጦር ሠራዊት የተሠራ፣ 20 ሊትር የሚይዝ የብረት መያዣ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰሜን አፍሪካ የማረኩት እንግሊዞች አስመስለው ሠሩት፤ ጀርመኖችን «ጄሪ» ይሏቸው ስለነበር ስሙን «የጄሪ ቆርቆሮ» በማለት አወጡለት።

«ነዳጅ» «ነደደ» ከሚለው ግሥ የወጣ በመሆኑ፣ «ናፍጣ»ም ከኢጣልያንኛ ሲወረስ ይዘቱን እንደ ጠበቀ በመቅረቱ አያሻሙም። «ጀሪካን» ግን የፕላስቲኩ ዕቃ እንስራን ተክቶ ውሃ መቅጃ ሲሆን ቅርጹን እንጂ ይዘቱን አይናገርም። ስለዚህም የሞተር መመሪያ የሚተረጉም ሰው «በጀሪካን ይያዝ» ብሎ ቢያልፍ፣ አንባቢው በስምጥ ሸለቆው ሙቀት ቤንዚንን በውሃ መቅጃ ሊጭን፣ ዕቃውንም መልሶ ለመጠጥ ሊያውል ይችላል።

መፍትሔው አዲስ ቃል መፍጠር አይደለም፤ ሕዝቡ የለመደውን ስም ይዞ «የነዳጅ ጀሪካን»፣ «የውሃ ጀሪካን» እያሉ ዘወትር በቅጽል መለየት ነው።