የመንዝ ባለ ዜማ ጎዳና፥ ከዳዊት እስከ መሪጌትነት

በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ አንድ ልጅ መሪጌታ ለመባል የሚሄድበት ጎዳና ከአባቱ ደጃፍ ይጀምርና ብዙ አገር አቋርጦ ይመለሳል። በፊት ፊደልና ንባብ ከደብሩ ቄስ ዘንድ ይማራል፤ ዳዊትን ከደገመ በኋላ ድምፁ የቀና፥ ልቡም የጸና እንደ ሆነ ወደ ዜማ ቤት ይገባል። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት የደረሰውን ዜማ፥ ጾመ ድጓውን፥ ምዕራፉን፥ ኋላም ታላቁን ድጓ በግዕዝ፥ በዕዝልና በዓራራይ ያጠናል። ድጓው ብቻ ብዙ ዓመት ይፈጃል።

ከቃሉ በላይ በደቂቅ ፊደል የሚጻፉት ምልክቶች በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1533–1551 ዓ.ም.) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተሠሩ ይነገራል። የአውሮፓ ዘማሪ በመስመር ላይ የተጻፈውን ኖታ አይቶ ከዚያ በፊት ያልሰማውን ዜማ ሊያወጣ ይችላል፤ የድጓው ምልክት ግን ከመምህር አፍ የተሰማውን ያሳስባል እንጂ ላልተማረው ምንም አይነግረውም። ስለዚህ ተማሪው መጽሐፍ ሳይሆን ሰው ፍለጋ ይሄዳል።

ጎረቤቲቱ ተጉለት የራስዋ የዜማ ስልት ነበራት፤ ስምዋም ከቤተ ልሔም፥ ከቆማና ከአጫብር ጋራ ይጠራል። ነገር ግን የድጓ ማስመስከሪያው በጋይንት ያለው ቤተ ልሔም ስለ ሆነ፥ የደጋው ልጅ በቅርቡ ያለውን ትቶ ወደ ሩቁ መገሥገሥ ግድ ሆነበት። የቅርቡ ስልት በዚህ ምክንያት መድከሙ የሚያሳዝን ነገር ነው። ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ በወሎ በኩል የበሽሎን ቆላ ይሻገር ነበረ። ቀን ቁራሽ ይለምናል፤ ማታ በጨለማ ቃሉን ይቀጽላል፤ ብራና ያገኘ እንደ ሆነ መጽሐፉን በገዛ እጁ ይገለብጣል። በቆላው ንዳድ ተይዞ የቀረም ነበረ፤ እናቱ ግን በየበዓሉ ትጠብቀዋለች።

ድጓውን ያስመሰከረ ዝማሬ መዋሥዕትን በዙር አባ፥ አቋቋምን በጎንደር በአታ ይቀጥላል፤ መቋሚያውን፥ ጸናጽሉንና ከበሮውን ከቃሉ ጋራ ማስማማት የሚማረው በዚያ ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ ጠጉሩ ሸብቶ የሚመለስም አለ።

በቀድሞው ዘመን ለዚህ ሁሉ ድካም ደብሩ የሰሞን መሬት ይሰጠው ነበረ፤ በቀኝ ጌትነት፥ በግራ ጌትነት ወይም በመሪጌትነት እንደ ማዕርጉ ይቆም ነበረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ይሁን የሚለው አዋጅ በወጣ ጊዜ ይህ መተዳደሪያ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ባለ ዜማው የሚኖረው ምእመናን ከሚያዋጡት ጥቂት ገንዘብና እንደ ማንኛውም ገበሬ ከሚያርሳት ማሳ ሆነ። ድምፀ መልካሞቹም ደመወዝ ወዳለባቸው ወደ አዲስ አበባ አድባራት ወረዱ፤ በአንዳንዱ የደጋ ደብር የንግሥ ዋዜማ በደረሰ ቁጥር መሪጌታ ለመጥራት በቅሎ ይዞ ወደ ጎረቤት ደብር መላክ ተለመደ።