በስለት የተሰጠ ልጅ

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያላነበበ ሰው ሲገጥመኝ ብዙም አይደንቀኝም። መጽሐፉ ወፍራም ነው፤ ዘመኑም የችኮላ ነው። የሚደንቀኝስ አንብበውት፣ ያም ባይሆን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምተውት ሲያበቁ፣ «የፊውዳሉን ሥርዓት የሚያጋልጥ ልቦለድ ነው» ብለው ነገሩን የሚዘጉት ናቸው። ውሸት አይደለም፤ ያጋልጣል። በደርግ ዘመን ለተቀመጠ አድማጭ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ አልነበረም። ግን መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁ ማን እንደነበሩ እናስታውስ እንጂ! ጎጃም ተወልደው፣ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ እያሉ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። አርበኝነቱ፣ የጣሊያን እስር ቤቱ፣ አምባሳደርነቱና ሚኒስትርነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰምና ወርቅ ሲፈትል ያደገ ሰው ልቦለድ ሲጽፍ ሰሙን ብቻ ጽፎ ይተወዋል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

እኔ በዚህ ጽሑፍ ወርቁን በሙሉ ቆፍሬ አወጣለሁ አልልም። ጥቂት ቦታዎች ላይ ብቻ ጫር ጫር ላድርግ።

መጀመሪያ ስለቱ። የበዛብህ ወላጆች፣ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ፣ ልጃቸው በሕይወት ቢቆይላቸው ለእግዚአብሔር ሊሰጡት ይሳላሉ። ልጁ ያድጋል፣ ይማራል፣ ድምፀ መረዋ ይሆናል። ሚስት ሳያገባ በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት እንዲኖር ግን እሱ ገና ነፍስ ሳያውቅ ተወስኖበታል። ይህን የሰማ የቤተ ክህነት ተማሪ ሁሉ ወዲያው የሚያስታውሰው መጽሐፈ ሳሙኤልን ነው። መካኗ ሐና በሴሎ ቤተ መቅደስ አልቅሳ ተሳለች፤ ልጅ ተሰጣት፤ ጡት ስታስጥለው ወስዳ ለካህኑ ለዔሊ አስረከበችው። ሳሙኤል ነቢይ ሆነ፣ ነገሥታትን ቀባ፤ ነገሩም ያማረ ሆኖ አለቀ። እናቶቻችን «እንደ ሐና» እያሉ የሚሳሉት ለዚህ ነው። ውድነሽም በልቧ ያለችው ሐና እንደሆነች አልጠራጠርም።

ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ስለት አንድ ታሪክ ብቻ አይደለም የሚነግረን። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 11 ዮፍታሔ የሚባል የጦር አለቃ አለ። «ድል ብታደርገኝ፣ በሰላም ስመለስ ከቤቴ ደጅ መጀመሪያ የሚቀበለኝን ለአንተ አቀርባለሁ» ብሎ ተሳለ። ድል አደረገ። ከበሮ እየመታች ልትቀበለው የወጣችው ግን ያለ እሷ ሌላ ልጅ የሌለችው ሴት ልጁ ነበረች። እሷ አባቷን አልተሟገተችም። የጠየቀችው ሁለት ወር ብቻ ነው፤ ተራራ ለተራራ እየዞረች ድንግልናዋን ልታለቅስ። ይህን ምዕራፍ በስብከት ሲነሳ ብዙ ጊዜ አልሰማሁም። የሚነሳው ሐና ናት።

እንግዲህ የሐዲስ ዓለማየሁ ብልኃት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለቱን ታሪኮች በአንድ ልቦለድ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። በዛብህ የሐና ልጅ ነው። ሰብለ ወንጌል ደግሞ የዮፍታሔ ልጅ ናት፤ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻም የጦር ሰው ናቸው። ፊታውራሪ በቃል አልተሳሉም፤ ስለታቸው ዘር ነው። ለእኔ ልጅ የሚመጥን አጥንት የለም እያሉ ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ ልጅቱ ቆማ ቀረች። ድንግልናዋን ለማልቀስ ተራራ መውጣት አላስፈለጋትም፤ የአባቷ ግቢ በቂ ነበር። ሁለቱም ልጆች የተያዙት በማያውቁት ቃል ኪዳን ነው። አንዱ በሃይማኖት ስም፣ ሌላዋ በዘር ስም። ሁለቱ ሲገናኙ፣ ያውም አስተማሪና ተማሪ ሆነው ፊደል መሐል ሲገናኙ፣ የሚፈርሰው የአንድ ቤት ክብር ብቻ አይደለም።

ስሞቹን ደግሞ እዩልኝ። ሰብለ ወንጌል የዐፄ ልብነ ድንግል ባለቤት ስም ነው፤ ስለዚህ ፊታውራሪ ቢያወጡት አይገርምም። ትርጉሙ ግን የወንጌል ሰብል ነው። በማቴዎስ ወንጌል መከሩ ብዙ፣ ሠራተኛው ጥቂት እንደሆነ ጌታ ሲናገር እናነባለን። እዚህ ሰብሉ ደርሷል፤ አጫጆችም በር ላይ ተሰልፈዋል፤ ባለ እርሻው ነው የከለከለው። አባትየው ራሳቸው «መሸሻ» መባላቸውስ? ሰው የሚሸሽበት ጥግ ማለት ነው። በመጨረሻ ግን የገዛ ልጃቸው ናት ከእሳቸው የሸሸችው። ደራሲው ይህን ሁሉ አስበው ነው ወይስ እኔ ነኝ የማበዛው የሚል ካለ፣ መብቱ ነው። ቅኔ ቤት የከረመ ሰው ስም በአቦሰጡኝ ያወጣል ብሎ ማመን ግን እኔን ይከብደኛል።

የባላገሩ አመፅም ቢሆን የድሮ ታሪክ አለው። ግብርና መዋጮ በዛብን ያሉ ገበሬዎች በፊታውራሪ ላይ ሲነሱ፣ በሮብዓም ላይ የተነሱትን አሥሩን ነገድ አለማስታወስ አይቻልም። የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም ሽማግሌዎቹ «ቀንበሩን አቅልልላቸው» ቢሉት አልሰማ አለ፤ መንግሥቱ ተከፈለ። የእኛ መኳንንት በክብረ ነገሥት በኩል የሰሎሞንን ዘር ሲቆጥሩ ኖረዋል። ከዚያው ዘር ሮብዓም የሚባል መኖሩን ግን ለማስታወስ አይወዱም ነበር።

አሁን ወደ ጉዱ ካሳ። ካሳ ዳምጤ የፊታውራሪ ዘመድ ነው፣ የተማረ ነው፣ እውነት ይናገራል፤ ስለዚህም እብድ ተባለ። ማኅበራዊ ኑሯችንን ከተካበ ድንጋይ ጋር የሚያመሳስልበትን ንግግር አንባቢ ያስታውሰዋል፤ ሥር ያለው ድንጋይ ሸክሙ ሲበዛበት ምን እንደሚመጣ ይተነብያል። ትንቢቱ በ1966 ዓ.ም. ደረሰ የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔን የሚስበኝ ግን «ጉዱ» የሚለው ቅጽል ነው። ነቢዩ ሆሴዕ በምዕራፍ 9 ሕዝቡ ነቢዩን ሰነፍ፣ የመንፈስ ሰውን እብድ እያለ እንደሚጠራ ይነግረናል። ማርቆስ በምዕራፍ 3 የጻፈው ደግሞ ይብሳል፤ ጌታን «አብዷል» ብለው ሊይዙት የወጡት የገዛ ዘመዶቹ ናቸው። ካሳንም እብድ ያደረጉት ባዳዎች አይደሉም። ከቡራዩ ወጣ ብሎ ጌፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ እንዳለ የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል፤ ቦታውን መጥቀስም በከተማችን ስድብ ሆኖ ኖሯል። በጉዱ ካሳ ዘመን ጌፈርሳ ቢኖር ኖሮ ዘመዶቹ በበቅሎ ጭነው ያመጡት ነበር ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ። ለነገሩ እንኳን የዚያ ዘመን ሰው፣ ዛሬም በቤተሰብ ስብሰባ ላይ ያልተለመደ ነገር የተናገረን ልጅ «ይኼ ልጅ ጤናም የለው» የማይል ዘመድ ጥቂት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን የሚከነክነኝ መንገዱ ነው።

ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ዓባይን ይሻገራል፤ ጎሐ ጽዮን ይወጣል፤ በፍቼ፣ በጫንጮ አድርጎ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ እንጦጦን አልፎ ከተማ ይገባል። ሱሉልታ ዛሬ ከቡራዩና ከሰበታ ጋር፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሸገር ከተማ በሚባለው አስተዳደር ሥር ያለች፣ ፋብሪካና መኖሪያ ቤት የሞላባት ከተማ ናት። በእግርና በበቅሎ ዘመን ግን የጎጃም መንገደኛ አዲስ አበባ ገባሁ ብሎ ልቡን የሚጥልባት የመጨረሻዋ ሜዳ፣ ለሚመለሰውም የጉዞው መጀመሪያ ነበረች። በዛብህ አዲስ አበባ ደርሶ ሳለ ሰብለን ሊያመጣ ወደ ጎጃም ሲመለስ መንገድ ላይ ወንበዴዎች ያገኙታል። ይደበድቡታል፣ ያቆስሉታል፣ ለሞት ያበቁታል።

ይህ የሉቃስ ምዕራፍ 10 ነው! አንድ ሰው ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ በወንበዴዎች እጅ ወደቀ። መልክዓ ምድሩ ሳይቀር ይገጥማል። ኢየሩሳሌም ደጋ ናት፣ ኢያሪኮ ከባሕር ወለል በታች ያለች ቆላ። የእኛም መንገድ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከሱሉልታ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ቁልቁለቱ የሚጀምርባት ከተማ ስሟ ጽዮንን ይዟል። ሐዲስ ዓለማየሁ ከነጻነት በኋላ በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ቆንስል ሆነው እንደሠሩ ስናስታውስ፣ ያን የኢያሪኮ ቁልቁለት በዓይናቸው አይተውታል ብሎ መገመት ድፍረት አይሆንም።

ግን ደራሲው ምሳሌውን እንዳለ አልገለበጡትም። በወንጌሉ ካህኑ አለፈ፣ ሌዋዊው አለፈ፣ የተናቀው ሳምራዊ ግን ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን አሰረ፤ ሰውየው ተረፈ። እዚህ የወደቀው ሰው ራሱ የቤተ ክህነት ሰው ነው፤ ሌዋዊ ነው ማለት ይቻላል። የምትደርስለትም ሰብለ ናት፤ እሷም የደረሰችው በመነኩሴ ልብስ ተሸፍና ነው። ዘይትም ወይንም የሚያድነው ሰው ግን አልነበረም። ያገኘችው በማጣጣር ላይ ሳለ ነው።

ስለዚህ መሸፈኛ ልብስ ትንሽ ማለት አለብኝ፤ ብዙ ሰው የልብ አንጠልጣይ ታሪክ ማጣፈጫ አድርጎ ያየዋልና። የአማርኛ ልቦለድ ሲወለድ ጀምሮ ጀግናዋ ሴት ተሸፍና ነው የምትወጣው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ጦቢያ ወንድሟን ዋህድን ፍለጋ ስትወጣ ወንድ መስላ ነው። ዋህድ ራሱ ከቤት የወጣው የአባቱን ቤዛ የከፈለውን ነጋዴ ሊፈልግ፣ የአባቱን ውለታ ሊመልስ ነበር። በመጽሐፈ ጦቢት ያለው ወጣቱ ጦብያም በአባቱ ገንዘብ ምክንያት ሩቅ አገር ሄዶ በትዳር ይመለሳል። የስሙ መገጣጠም እንዲያው በአጋጣሚ ነው? እኔ አይመስለኝም።

ከዚያም ወደ ኋላ ስንሄድ ስንክሳር አለ። ጥር 21 ቀን የምትታሰበው ኢላርያ የንጉሥ ዘይኑን ልጅ ነበረች። ቤተ መንግሥቱን ትታ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ አስቄጥስ ገዳም ገባች፤ ጢም ስለሌላት ጃንደረባ መሰለቻቸው። እህቷ ታማ ወደ መነኮሳቱ ስትላክ እንኳ አላወቀቻትም። ይህን ታሪክ ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ሲነበብ ሳይሰሙ አልቀሩም፤ ሰብለንም ሲጽፉ ኢላርያን ገለበጧት። ኢላርያ የተሸፈነችው ከሰው ሸሽታ ወደ እግዚአብሔር ለመሄድ ነው። ሰብለ የመነኩሴውን ልብስ የለበሰችው ለእግዚአብሔር የተሰጠን ሰው ፍለጋ ነው። አንዳንድ መንፈሳዊ አንባቢዎች መጽሐፉን በክፉ ዓይን የሚያዩት ለዚህ ይመስለኛል። ፍርዳቸው ግን የቸኮለ ነው። መኃልየ መኃልይም በምዕራፍ 8 ፍቅርን ከሞት፣ ቅንዓትን ከመቃብር ጋር አስተካክሎ ሲናገር ማንም ከመጽሐፍ ቅዱስ አላወጣውም፤ የልቦለዱ ርእስም የእሱ የቅርብ ዘመድ ነው።

በሌላ በኩል፣ በጅማ መንገድ ሰበታ ሲገቡ፣ ጌቴሴማኒ የሚባል የሴቶች ገዳም አለ። የስሙ ትርጉም ግልጽ ነው፤ ጌታ «ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ብሎ የጸለየበት ቦታ ነው። ከአዲስ አበባ የሚሄዱ እናቶች ብዙዎቹ የሚሄዱት ለጸሎትና ለስለት ነው። ጥላ ይሳላሉ፣ ጧፍ፣ መጋረጃ ይሳላሉ። ይህ የራሳቸው ንብረት ነው፤ ማንም ምንም አይላቸውም። ልጅ ሲሳሉ ነው ጥያቄው የሚመጣው። ለመሆኑ ልጅን የሚሳለው የቤተ ክርስቲያን ሰው ብቻ ነው? «ልጄ ካለፈልኝ ሐኪም አደርገዋለሁ» ብሎ፣ የልጁን ፍላጎት አንዴም ሳይጠይቅ፣ ሃያ ዓመት የሚጎትተው የዘመኑ አባትስ ምን እያደረገ ነው? ሐዲስ ዓለማየሁ ውድነሽን አላወገዟትም፤ እናት ናት፣ ልጇ እንዲኖርላት ፈልጋለች። የውድነሽ ፍቅር እውነተኛ መሆኑ ነው ነገሩን የሚያከብደው። ክፉ ሰው ያሰረውን ገመድ መበጠስ ይቀላል።

በዛብህ ሞተ። ሳያገባ፣ ሳይመነኩስም ሞተ፤ ስለቱ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሰብለ ግን ወደ አባቷ ቤት አልተመለሰችም፣ ሌላ ባልም አላገባችም። ለመሸፈኛ ብላ የለበሰችውን ልብስ አላወለቀችውም፤ እውነተኛ መነኩሲት ሆነች። ውድነሽ በጣሙ ለቤተ ክርስቲያን አንድ ነፍስ ልትሰጥ ተስላ ነበር። ተሰጠ፤ የተሰጠው ግን የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ነው።