360 ሰንበት፦ ከወላጅ ጋር የመቀመጥ ታሪካችን

(የዛሬው የፖድካስት ክፍል ሙሉ ጽሑፍ)

ባቡር ላይ ያላችሁ፣ ከጦር ሰፈር ወደ ቤት የምትመለሱ፣ ወይም ቤት ሆናችሁ ለሻባት ወለል እያጠባችሁ የምታዳምጡኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እንደተለመደው አማርኛዬ ውስጥ ዕብራይስጥ ከገባ ይቅርታ። እናንተም እንደኔ ስለሆናችሁ ትረዱኛላችሁ።

የዛሬው ክፍል ታሪክ ነው፤ ግን የንጉሥ ወይም የጦርነት ታሪክ አይደለም። ወላጅና ልጅ አብረው የሚቀመጡበት ጊዜ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ባለፉት መቶ ምናምን ዓመታት ምን ሆነ? ጥያቄው ይሄ ነው። ጥያቄውን ያመጣብኝ ደግሞ አንድ ካሴት ነው።

እኛ ቤት፣ ሐዴራ፣ በእናቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ከድሮ ፎቶዎች ጋር የተቀመጠ ካሴት አለ። አያቴ በ1990 አዲስ አበባ ሆነው ድምፃቸውን ቀድተው የላኩት ነው። ያን ጊዜ ሺዎች ከጎንደር አገር ወርደው አዲስ አበባ፣ በእስራኤል ኤምባሲ አካባቢ ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። እናቴ ግን እዚህ ነበረች፤ የ17 ዓመት ልጅ፣ ፕኒሚያ ውስጥ። ካሴቱን ያመጣላት አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ዘመድ ነው።

ባለፈው ሐኑካ ማጫወቻ ተውሰን አዳመጥነው። አያቴ መጀመሪያ ረጅሙን የጎንደር ሰላምታ ይጨርሳሉ። ከዚያ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደወለደች፣ ላሟ ለማን እንደተሸጠች ይናገራሉ። መጨረሻ ላይ ትንሽ ዝም ይሉና «ቁመትሽስ የት ደረሰ? ትከሻዬ ጋ ደርሰሻል?» ብለው ይጠይቃሉ።

እናቴ ማጫወቻውን አጠፋችው። «ያኔ እኮ ከሷ እበልጥ ነበር፤ አላወቀችም» አለች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

እሺ፣ ወደ ታሪኩ እንግባ። ከአገር ቤት እንጀምር።

አያቶቻችን የኖሩት በወገራ፣ በደምቢያ፣ በስሜን፣ በትግራይና በሌሎችም ቦታዎች በተበተኑ ትንንሽ መንደሮች ነው። እዚያ «የቤተሰብ ጊዜ» የሚባል ነገር አልነበረም፤ ምክንያቱም ሥራውም ጊዜውም አንድ ነበር። አባት ብረት ሲቀጠቅጥ ልጁ ወናፍ ይነፋል። እናት ሸክላ ስትሠራ ልጅቷ አፈር ታመጣለች፣ ውኃ ትቀዳለች። ማንም ልጁን ለማነጋገር ቀጠሮ አይዝም ነበር። ግን ነገሩን አናሳምረው። ድህነት ነበረ፤ ልጅነትም አጭር ነበር። ሴት ልጅ ገና ልጅ ሳለች ትዳርና ወደ ባሏ መንደር ትሄድ ነበር። ያም ሆኖ የሄደችበት መንደር ብዙ ጊዜ በእግር የሚደረስ ነው፤ ለበዓል፣ ለሐዘን፣ ለአራስ ጥየቃ ትመለሳለች።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰንበት ነበረች። ማኅበረሰባችን በግዕዝ የተጻፈ «ትእዛዘ ሰንበት» የሚባል መጽሐፍ አለው። በዚያ መጽሐፍ ሰንበት እንደ ሰው፣ እንደ ሴት ተደርጋ ነው የምትነገረው። ዓርብ ሥራ ቀደም ብሎ ይቆማል፤ ሰው ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፣ ነጭ ይለብሳል። ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ይጠፋል፤ ምግቡም ቀድሞ የተሠራ ነውና በማግስቱ ቀዝቅዞ ይበላል። አያቴ እንደሚሉት እሳት ከሌለ ሥራ የለም፣ ሥራ ከሌለ ደግሞ መነጋገር ብቻ ነው የሚቀረው። ልጆች ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የሚማሩት ያን ጊዜ ነበር። እስከ ሰባት ቤት ዘመድ ከሆነ አይጋቡም፤ ስለዚህ ቆጠራው ጨዋታ ሳይሆን የግድ መታወቅ ያለበት ነገር ነው።

ታዲያ ይህ መቼ ተነካ? ብዙዎቻችን 1984 እንላለን። ግን ከዚያ በፊትም ነበር።

በ1904 ዣክ ፋይትሎቪች የተባለ አይሁዳዊ ምሁር ወደ ኢትዮጵያ ሄደ። በ1905 ሲመለስ ሁለት ወጣቶችን ወደ አውሮፓ ይዞ ሄደ፤ አንደኛው ታምራት አማኑኤል ነው። ታምራት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ለልጆቻችን የተከፈተውን ትምህርት ቤት መራ። ከጎንደር አጠገብ ከወለቃ የወጣው ዮና ቦጋለም እንዲሁ በኢየሩሳሌምና በአውሮፓ ተምሮ ተመልሶ ሕይወቱን ለማኅበረሰቡ ሰጠ። በ1955 እና በ1956 ደግሞ 27 ወጣቶች እዚህ አገር፣ ራዓናና ወደሚገኘው ክፋር ባትያ መጡ፤ ተምረው ተመልሰው መምህራን እንዲሆኑ ነበር። ስማቸውን የምናውቃቸው በዕውቀታቸው ነው፤ ደግሞም ይገባቸዋል። ግን እያንዳንዱ ልጅ ሲሄድ ቤት የቀረች እናት ነበረች። የሷን ታሪክ የጻፈ አላገኘሁም። ልጅ እንዲማር ከቤት ይለያል የሚለው ሐሳብ ግን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አብሮን አለ።

አሁን 1984 ላይ እንድረስ። እናቴ የ11 ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ከአጎቷ ጋር በእግር ወደ ሱዳን ወጣች። አያቴ አራስ ነበሩ፤ «እናንተ ቅደሙ፣ ሕፃኑ ጠና ሲል እንከተላለን» አሉ። እናቴ በኡም ራኩባ መጠለያ ወራት ቆየች። ወደ 4,000 የሚገመቱ ሰዎቻችን በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች አልቀዋል፤ መታሰቢያቸው ዛሬ ኢየሩሳሌም፣ ሃር ሄርጸል ላይ ነው። የሙሴ ዘመቻ ከኅዳር 21 ቀን 1984 እስከ ጥር 5 ቀን 1985 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ወደ 8,000 ሰው አመጣ። ከዚያ ወሬው በአደባባይ ወጣና ሱዳን በረራውን አቆመች። «እንከተላለን» ያሉት ሁሉ እዚያው ቀሩ። ስንቱ ባል ከሚስቱ፣ ስንቱ ልጅ ከእናቱ ተለያይቶ ቀረ!

እስከ መቼ? አያቴን በተመለከተ እስከ ሰሎሞን ዘመቻ ድረስ። ግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991፣ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ፤ አያቶቼም በዚያ መጡ። እናቴ 18 ዓመቷ ነበር። ከ11 እስከ 18። እኔ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት፦ ሰባት ዓመት ገደማ ነው፤ ወደ 360 ሰንበት።

እሺ፣ ተገናኙ፤ አለቀ አይደል? አላለቀም። እዚህ ጋ ነው ብዙ የማናወራው ክፍል የሚመጣው።

በ1980ዎቹና በ90ዎቹ መጀመሪያ ከኢትዮጵያ የመጡ አብዛኞቹ ታዳጊዎች ወደ ፕኒሚያ ነው የተላኩት። ሥራውን የያዘው ዓሊያት ሃኖዓር ነበር። ይህ ድርጅት በ1933 በርሊን ውስጥ በሬሃ ፍራየር ተጀምሮ ኋላ በሄንሪየታ ሶልድ የተመራ ነው፤ መጀመሪያ የተቋቋመው የአይሁድ ልጆችን ከናዚ ጀርመን ለማውጣት ነበር። ያን ጊዜ ልጁን ከወላጁ መለየት ነፍሱን ማዳን ነበር፤ ብዙዎቹም ወላጆቻቸውን ዳግመኛ አላዩም። እኛ ስንመጣ ይኸው አሠራር ተዘጋጅቶ ጠበቀን። ብቻቸውን ለመጡ እንደ እናቴ ላሉ ልጆች ቤት ሆናቸው። ለምሳሌ ከሐዴራ በስተ ሰሜን ካርሜል ተራራ ላይ ያለው የሚን ኦርድ በሙሴ ዘመቻ የመጡ ብዙ ልጆችን ተቀብሏል። ስሙ የተሰየመለት ዊንጌት በ1941 ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር በጎጃም በኩል የገባው፣ አዲስ አበባም ትምህርት ቤት የተሰየመለት መኮንን ነው። አባቶቻችን ስሙን ቀድመው ያውቁት ነበር ማለት ነው።

ግን ወላጆቻቸው እዚሁ አገር ያሉትም ልጆች ሄዱ። ወላጆቹ በመርካዝ ክሊታ ጠባብ ክፍል ወይም በካራቫን ተጨናንቀው ነበር የሚኖሩት። «ልጅህ ይማራል፣ ይበላል፣ ሰው ይሆናል» ሲባሉ እሺ አሉ። አገር ቤትም ቢሆን ልጅን ለትምህርት ወደ ከተማ መላክ ክብር ነበር። ልጁ በሁለት በሦስት ሳምንት አንዴ ለሻባት ይመጣል። በመጣ ቁጥር ዕብራይስጡ ይበረታል፣ አማርኛው ይሳሳል። አንዳንዱማ አዲስ ስም ይዞ ነው የሚመጣው። አባት ከቢሮ የመጣውን ደብዳቤ ይሰጠዋል፣ ልጁ ያነብለታል። ከዚያ በኋላ ማን ነው የቤቱ አባወራ?

እናቴ ወላጆቿ ከመጡ በኋላም ባግሩቷን እስክትጨርስ ፕኒሚያ ቆየች፤ ከዚያ የአገልግሎት ጊዜ፣ ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ ትዳር። «ከእናቴ ጋር ተቀምጬ ቡና ማፍላት የተማርኩት አንቺን ከወለድኩ በኋላ ነው» ትላለች። ፕኒሚያዋን አታማርርም። ጓደኞችና መጻሕፍት ሰጥቶኛል ትላለች። አንድ ጊዜ ግን አንድ አስተማሪ እዚያ በአማርኛ ስታለቅስ ሰምቶ «እዚህ በዕብራይስጥ ነው የምናወራው» እንዳላት ነገረችኝ። ይህን ስትናገር ሳቀች፤ እኔ አልሳቅኩም።

አሁን ሐዴራ እንመለስ። አያቶቼ በ1990ዎቹ አጋማሽ በማሽካንታ እዚህ ቤት ገዙ፤ እንደ እነሱ ብዙ ቤተሰብ መጣ፣ ወላጆቼም ተከተሉ። ሐዴራ በ1891 ረግረግ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ብዙዎቹን ወባ ጨረሳቸው፤ ረግረጉን ለማድረቅ ባሕር ዛፍ ተተከለ። አያቴ፣ ወንዱ አያቴ ነፍሳቸውን ይማረው፣ ጫካውን መጀመሪያ ሲያዩ «ይሄማ ባሕር ዛፍ ነው!» ብለው ቅጠሉን አሽተው አሸተቱት አሉ። ለጉንፋን እያሉ ሁልጊዜ ቅጠል ያመጡ ነበር።

እናቴና ብዙ የሷ ዕድሜ ሰዎች፣ ፕኒሚያ ያደጉት፣ አንድ ነገር ወሰኑ፦ ልጆቻችን ቤት ያድጋሉ። እኔ እስከ 18 ዓመቴ ጊቫት ኦልጋ፣ ከባሕሩ አጠገብ፣ የኤሌክትሪክ ጣቢያው ጭስ ማውጫ በሚታይበት ቤት አደግሁ። ማታ ማታ እናቴ ነበረች፤ ዓርብ ዳቦው ነበረ። ቅዳሜ ማታ ሻባት ሲወጣ የአያቴ ቡና፣ ከአቦል እስከ በረካ። ይሄ የማንም ልጅ ዕጣ መስሎኝ ነበር። ታሪኩን ስቆጥር ነው የገባኝ፦ በእኔ ቤት ከእናቱ ጋር እስከ 18 ዓመቱ በሰላም የኖረ፣ ሳይዳር፣ ሳይሰደድ፣ ሳይላክ፣ የመጀመሪያው ትውልድ እኛ ነን።

እና ምን አደረግንበት? እኔ ላይ ልናገር። አሁን ሐይፋ እማራለሁ። ከሐዴራ መዓራቭ ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም። ባለፈው ክረምት በአምስት ወር ውስጥ ለሻባት ቤት የሄድኩት አራት ጊዜ ነው። ፈተና፣ ሥራ፣ ጓደኛ፣ ድካም። ሱዳን ድንበር አልዘጋችብኝም፤ ማንም ፕኒሚያ አልላከኝም። ስሄድም ስልኬ እጄ ላይ ነው።

እናቴ አልተቆጣችም። ካሴቱን በሰማን ማታ ግን ወጥ ቤት ተከትያት ገባሁ፤ ሳህን እያጠበች፣ ሳትዞር፣ «የኔን ልጅነት እናቴ አላየችውም። ያንቺን እኔ አይቼዋለሁ፤ እሱ ይበቃኛል ብዬ ነበር። አልበቃኝም» አለች። ምን እንደምላት ጠፋኝ። ፎጣ አንሥቼ ሳህኑን ማድረቅ ጀመርኩ።

ይህን የምነግራችሁ ላሳዝናችሁ አይደለም። ልጅ ማደጉ፣ መውጣቱ፣ የራሱን ቤት መሥራቱ ደስ የሚል ነገር ነው፤ እናቶቻችን የደከሙት ለዚያ ነው። ደግሞ እዚህ መካከላችን ዛሬም ጎንደርና አዲስ አበባ ወንድም፣ እኅት፣ እናት ያላቸው አሉ፤ ለነሱ መለያየቱ ታሪክ ሳይሆን የዛሬ ኑሮ ነው። ከነሱ አንዱ ይህን ሲሰማ «አንቺ የአንድ ሰዓት ባቡር አቃተሽ?» ቢለኝ መልስ የለኝም።

አያቴ ዘንድሮ ስም መርሳት ጀምረዋል። በሳቸው በኩል እስከ ሰባት ቤት የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። እናቴ የምታውቀው እስከ አራት ነው፤ ሰንበቶቹ ስላልነበሯት። ስለዚህ ከሐኑካ ወዲህ አሠራር አወጣሁ። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ እሄዳለሁ። ሻባት ወጥቶ ቡናው ሲቀርብ ስልኬን ለአንድ ሥራ ብቻ እከፍተዋለሁ፦ ድምፅ ለመቅዳት። እስካሁን አምስት ቤት ደርሰናል። ስድስተኛው ላይ አያቴ ሁለት የተለያዩ ስሞች ሰጡኝ፤ አሽቀሎን ያሉ አንድ ዘመድ እንዲፈርዱ እየጠበቅን ነው።

ለናንተም የቤት ሥራ አለኝ። በዚህ ሳምንት አንድ ስም ጠይቁ፤ የአያታችሁን አባት አባት ስም። አማርኛችሁ ቢሰባበርም ጠይቁ፤ ይስቁባችኋል፣ ከዚያ ይነግሯችኋል። ቅዱትና አስቀምጡት። ማን ያውቃል፣ ለጋብቻም ይጠቅማችሁ ይሆናል!

ለመጨረስ ያህል፦ ባለፈው ሳምንት አያቴን ደገፍ አድርጌ ደረጃ ስናወርድ ቆም አሉና ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺም በለጥሽኝ» አሉ። አዎ፣ አሁን እሳቸው ናቸው ትከሻዬ ጋ የሚደርሱት። ቢያንስ ይህንን በካሴት አልጠየቁም፤ በዓይናቸው አዩት።

ለዛሬ በዚህ ይብቃን። ስም ያገኘ ይጻፍልኝ። ለእናንተም ለቤተሰባችሁም ሻባት ሻሎም፤ ሰንበት በሰላም ታግባችሁ። ቻው!